ታዕካ ማርያም፦ ፎቶው ብቻ የቀረለት ቤተ መንግሥት

ከአክሱም ወደ ሽሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆሜ የአንድ አሮጌ ፎቶ ቅጂ በእጄ ይዣለሁ። ቅጂው ላይ ከመሬት የወጣ የድንጋይ መሠረት ይታያል፦ ደረጃ ደረጃ እየሠራ የሚሳሳ ግድግዳ፣ ገባ ወጣ ያለ ጠርዝ፣ በአለት የተጠናከረ ማዕዘን። ቦታውን ስፈልግ ረፋዱ አልቆ ነበር። በመጨረሻ በመንገዱ የሚያልፉ ሽማግሌ አየሁና ተጠግቼ «አባ፣ ታዕካ ማርያም የሚባለው የት ነው?» አልኳቸው። ቅጂውን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩትና «ወደይ (ልጄ)፣ ቆመህበት የለም እንዴ?» ብለው በከዘራቸው አስፋልቱን ቆርቆር አደረጉት።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ቦታ ታሪክ ነው። በ1898 ዓ.ም. አንድ ቡድን መጣ፣ ቆፈረ፣ ለካ፣ ፎቶ አነሳ፣ ሄደ። ከዚያ ወዲህ 30 ዓመት ያህል ቆይቶ ፍርስራሹ ተቆረጠ። ዛሬ ስለ ታዕካ ማርያም የምናውቀው ሁሉ ማለት ይቻላል በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ከተነሱት ፎቶዎችና ከተሣሉት ፕላኖች የመጣ ነው። የፈረሱና የተተዉ ቤቶችን ፎቶ የምናነሳ ሰዎች ከዚህ ጉዳይ ብዙ የምንማረው አለን ብዬ ስለማምን ነው በዝርዝር የምጽፈው።

ማን መጣ? ለምንስ?

የጀርመን መልእክተኛ ፍሪድሪክ ሮዘን በ1897 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ከዚያ ግንኙነት የተወለደው የአክሱም ጥናት ቡድን በካይዘር ቪልሄልም 2ኛ ትእዛዝ ተላከ። መሪው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ የነበረው ኤኖ ሊትማን ነው። ዳንኤል ክሬንከርና ቴዎዶር ፎን ሉፕከ አርክቴክቶች ናቸው። ሐኪሙ ኤሪክ ካሽከ በሽተኛ ከማየቱ ሌላ በፎኖግራፍ የሰው ድምፅና ዘፈን ቀድቷል። (የዚያን ዘመን የአክሱምና የአካባቢዋን ሰው ድምፅ መስማት መቻል ለእኔ ከፎቶው የማይተናነስ ጸጋ ነው፤ ግን ሌላ ጽሑፍ የሚጠይቅ ነገር ነው።)

በምጽዋ በኩል ገብተው ጥር 4 ቀን 1898 ዓ.ም. አክሱም ደረሱ። ከተማዋን ለቀው የወጡት መጋቢት ማብቂያ ላይ ነው፤ ሦስት ወር አልሞላም። አገሩን ያስተዳድሩ የነበሩት ደጃዝማች ገብረ ሥላሴ ተቀበሏቸው። ዓድዋ ከአክሱም ቅርብ ናት፤ ከጦርነቱ ገና 10 ዓመቱ ነው። በዚያ ምድር አንድ ፈረንጅ የመለኪያ መሣሪያ ተሸክሞ ተራራና ሜዳውን እየለካ ሲዞር ሰው በጥርጣሬ ቢያይ አያስገርምም። የንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድና የአገረ ገዥው ድጋፍ ባይኖር ኖሮ አንዲት ፎቶ ይዘው ይመለሱ ነበር ብዬ አላስብም።

ከእነሱ በፊትም አክሱምን በሥዕልና በፎቶ ያስቀሩ ነበሩ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሐውልቶቹን በእጁ ሥሏል። እ.ኤ.አ. በ1893 ቴዎዶር ቤንት ከባለቤቱ ከማቤል ጋር መጥቶ ነበር፤ ካሜራውን የያዘችው ማቤል ናት። እነዚህ ግን መንገደኞች ናቸው፤ ያዩትን ያስደነቃቸውን አነሱ። የ1898ቱ ቡድን አመጣጥ የተለየ ነው።

ፎቶ እንደ መለኪያ

ልዩነቱን ለመረዳት ወደ ጀርመን አንድ ጊዜ መሻገር ያስፈልጋል። አልብሬክት ማይደንባወር የሚባል ወጣት መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1858 የቬትስላርን ካቴድራል ከፍታው ላይ ወጥቶ ሲለካ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። ያን ጊዜ ነው «ግንቡን ከመውጣት ፎቶውን አንስቼ ከፎቶው ላይ ብለካስ?» ብሎ ያሰበው። ሐሳቡ አድጎ እ.ኤ.አ. በ1885 በርሊን ውስጥ ሕንፃዎችን በፎቶ የሚለካ የመንግሥት ተቋም ሆነ። ዘዴው በቃል ሲነገር ቀላል ነው። ካሜራው በውሃ ልክ ይስተካከላል፤ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አይዘምም። በሌንሱና ምስሉ በሚያርፍበት ሰሌዳ መካከል ያለው ርቀት ይታወቃል። ያው ሕንፃ ቢያንስ ከሁለት ቦታ ይነሳል፤ ካሜራው የቆመባቸው ነጥቦችም ይለካሉ። ከዚያ በኋላ በሁለቱም ፎቶ ላይ የምትታይ አንዲት የድንጋይ ጥግ ከሁለቱ ነጥቦች ወደ እሷ የሚሣሉት መስመሮች በሚገናኙበት ላይ ትክክለኛ ቦታዋ ይሰላል። ዛሬ ኮምፒውተር ከብዙ ፎቶ ባለ ሦስት ገጽታ ሞዴል የሚሠራበት ፎቶግራሜትሪ የዚሁ የልጅ ልጅ ነው።

ፎን ሉፕከና ክሬንከር ወደ አክሱም ከመምጣታቸው በፊት ሊባኖስ ውስጥ በበዓልቤክ የሮማ ቤተ መቅደሶች ሥራ ላይ ነበሩ። ፎን ሉፕከ በኋላ ማይደንባወርን ተክቶ የዚያው የበርሊን ተቋም ኃላፊ ሆኗል። ስለዚህ አክሱም ላይ ካሜራ የተከለው ሰው ፎቶን ከሜትር ገመድ ለይቶ የማያይ ባለሙያ ነበር ማለት ነው። ተቋሙ በዓመታት ያከማቻቸው ፎቶዎች በ2ኛው የዓለም ጦርነት የፈረሱ የጀርመን ሕንፃዎች ሲጠገኑ ለሥራው መነሻ ሆነው አገልግለዋል።

የአክሱሙን ፎቶዎች አንድ በአንድ ስታይ ይህ ሙያ ይታይሃል። ቋሚ መስመሮች ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ እኛ ስልካችንን ወደ ላይ አንጋጠን ስናነሳው እንደሚሆነው ሐውልቱ ወደ ኋላ የሚወድቅ አይመስልም። የዚያ ዘመን የመስታወት ሰሌዳ ለሰማያዊ ብርሃን ከሌላው ቀለም ይበልጥ ስለሚነቃ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ የድንጋዩ ዙሪያ በዚያ ነጭ ላይ እንደ ቀለም ሥዕል ተለይቶ ይታያል። በብዙዎቹ ላይ ሰው ቆሟል፤ ነጠላ የለበሰ ሽማግሌ፣ ልጅ፣ የቁፋሮ ሠራተኛ። ሰውየው የቁመት መለኪያ ነው። ከጎኑ ያለውን ድንጋይ መጠን ወዲያው ትረዳለህ።

ደግሞም አጠገቡ ፕላን አለ። ፎቶው ብቻውን አልተተወም። የከተማዋ ካርታ ተነሳ፣ እያንዳንዱ ሐውልት ተለካ፣ የእያንዳንዱ ፍርስራሽ ወለል ተሣለ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1913 በርሊን ላይ በአራት ትልልቅ ቅጽ ታተመ።

ቤተ መንግሥቱ

«ታዕካ» በግእዝ ቤተ መንግሥት፣ አዳራሽ ማለት ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ከምድር በላይ የሚታይ ትንሽ ነገር ባልነበረበት ጊዜ እንኳ የአገሩ ሰው በስሙ ውስጥ ቤተ መንግሥት እንደነበረ ይዞ ቆይቷል። ቡድኑ ሦስት እንዲህ ያሉ ግቢዎች ለይቷል፦ እንዳ ስምዖን፣ እንዳ ሚካኤልና ታዕካ ማርያም። የመጀመሪያው ዋና ሕንፃ በየጎኑ 35 ሜትር ገደማ፣ የሁለተኛው 27 ሜትር ገደማ ነው። የታዕካ ማርያም ዋና ሕንፃ 24 ሜትር ገደማ ሆኖ ከሦስቱ ያንሳል፤ ነገር ግን በዙሪያው የነበሩት አደባባዮችና ክፍሎች ሲጨመሩ ግቢው 120 በ80 ሜትር ይሆናል። አንድ ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ ውስጡ ገብቶ ቦታ ይተርፋል።

ከመሬት የወጣው አሠራር አክሱምን የሚያውቅ ሰው የሚለየው ነው። ሕንፃው ከፍ ባለ መሠረት ላይ ይቀመጣል። መሠረቱ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር በየእርከኑ ጥቂት ይሳሳል። ግድግዳው አንድ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም፤ ገባ ወጣ ይላል። ሐውልቶቹ ላይ በአለት የተቀረጹት በሮች፣ መስኮቶችና «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት የእንጨት ጫፎች የዚህ ዓይነት ቤት ሥዕል ናቸው። ወድቆ የተሰበረው 33 ሜትሩ ሐውልት የ13 ፎቅ ቤት ተደርጎ ተቀርጿል። ሐውልቱን ስናይ ሥዕሉን እናያለን፤ ታዕካ ማርያም ላይ የሚታየው ሥዕሉ የተወሰደበት ቤት እግር ነበር።

ጣልያን አክሱምን የያዘው በጥቅምት 1928 ዓ.ም. ነው። በወረራው ዘመን መንገድ ሲሠራ በታዕካ ማርያም ፍርስራሽ መሐል ለመሐል አለፈ። ለ1,000 ዓመታትና ከዚያ በላይ አፈር ለብሶ የቆየው የግቢው ክፍል የመንገድ መሠረት ሆነ። የእንዳ ስምዖንና የእንዳ ሚካኤል ፍርስራሾችም ዛሬ አይታዩም።

በዚያው ወረራ በ1929 ዓ.ም. 24 ሜትሩ ሐውልት ወደ ሮማ ተጫነ። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በአንቶኖቭ አውሮፕላን በሦስት ክፍል ሲመለስ ያለቀሰውን ሰው አስታውሳለሁ፤ ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ተመርቆ ቦታው ላይ ሲቆምም እንዲሁ። ስለ ሐውልቱ ጠየቅን፣ ተከራከርን፣ አስመለስን። ታዕካ ማርያምን ግን ማን ይመልሰዋል? ወደ ሌላ አገር አልተወሰደም፤ እዚያው ተፈጭቷል። ለሐውልቱ ያሳየነውን ቁጭት ለዚህ ቤተ መንግሥት ስናሳይ ሰምቼ አላውቅም፤ ምክንያቱ አለመታየቱ ይመስለኛል። ስለማይታይ አናውቀውም፤ ስላላወቅነውም አልናፈቅነውም።

ሌሎች ሁለት ቦታዎች

ሊትማንና ጓደኞቹ ከአክሱም ውጭ ያነሷቸው ነገሮች ደግሞ የተለያየ ዕጣ ገጥሟቸዋል። አስመራ ላይ የነበረችው አሮጌዋ የማርያም ቤተ ክርስቲያን በድንጋይና በእንጨት ንብብር፣ በአክሱም ባህል የተሠራች ነበረች። ፎቶዋም ፕላኗም ተወሰደ። በኋላ ፈረሰች፤ ዛሬ በቦታው ያለው ሌላ ነው። ደብረ ዳሞ ግን አለች። በገመድ ተንጠልጥለው ወጥተው ለክተዋታል። ቤተ ክርስቲያኗ እ.ኤ.አ. በ1948 በእንግሊዛዊው አርክቴክት ዴሪክ ማቲውስ ስትታደስ ከዕድሳቱ በፊት ምን ትመስል እንደነበር የሚመሰክር የታተመ ሰነድ ነበር። ዕድሳት ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይለውጣልና የ«ከዚህ በፊት» ፎቶ ዋጋው ከዕድሳቱ ቀን ጀምሮ ይንራል።

ፎቶው የማይነግረን

የጀርመኖቹን ሥራ አከብራለሁ፤ ግን ጉድለቱን ሳልናገር ብቀር ጉዳዩን ግማሽ መጻፍ ነው። ጊዜያቸው አጭር ስለነበር ግድግዳ እየተከተሉ ቆፈሩ። የሕንፃውን ቅርፅ አገኙ፤ አፈሩ በምን ቅደም ተከተል እንደተደራረበ፣ የትኛው ሸክላ ከየትኛው ወለል ላይ እንደተገኘ ግን ዛሬ የሚፈለገውን ያህል አልተመዘገበም። አርክቴክት ግድግዳ ያያል። ስለዚህ «ታዕካ ማርያም መቼ ተሠራ?» ተብሎ ሲጠየቅ ከእነዚያ ውብ ፎቶዎች ውስጥ መልሱን ማውጣት አይቻልም። በዚያው መንገድ ትንሽ ራቅ ብሎ የሚገኘውን፣ ሕዝቡ የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት የሚለውን ድንጉር፣ ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ፍራንሲስ አንፍሬ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲቆፍር ይህን የማስተካከል ዕድል ነበረው። የሚጎበኘውም ድንጉር ነው።

ሌላው ጉድለት የእነሱ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ነው። ክሬንከር ከተገኘው መሠረት ተነስቶ ቤተ መንግሥቱ ሙሉ ሆኖ ቢታይ ምን ሊመስል ይችል እንደነበር ሣለ፤ በየማዕዘኑ ማማ ያለው፣ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ፣ ግርማ ያለው ሕንፃ። ይህ ሥዕል ዛሬ በየገጹና በየስልኩ ይዞራል፤ ከሥሩ «የአክሱም ቤተ መንግሥት» ተብሎ ብቻ ይጻፍበታል። ሥዕሉ ግምት ነው። የተማረ ሰው ግምት ነው፤ ግን ከመሠረቱ በላይ ያለው ነገር ቆሞ አልተገኘም። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ፎቶና ግምታዊ ሥዕል ጎን ለጎን ሲታተሙ አንባቢ ሁለቱን በእኩል ዓይን ያምናል። ሥዕሉን የሚያጋራ ሰው «በክሬንከር ግምት» የምትለዋን ቃል እንዲጨምር እለምናለሁ።

ከዚህ የተነሳ እኔ የቀየርኩት

መጀመሪያ አክሱም የሄድኩ ጊዜ ድንጉርን በምሽት ፀሐይ አነሳሁት። ወርቃማ ብርሃን፣ ረጅም ጥላ፣ ከኋላ ተራራው። ሰው ሁሉ ወደደው። ከዓመታት በኋላ አንድ የቅርስ ጥገና ባለሙያ ጓደኛዬ ከአንድ ግድግዳ ላይ የተላቀቀ ድንጋይ በፊት የት እንደነበር ለማወቅ ፈልጎ «ያን ጊዜ ያነሳኸውን ላክልኝ» አለኝ። 200 የሚሆን ፎቶ ነበረኝ። አንዱም አልጠቀመውም። ግድግዳው በጥላ ተውጧል፣ መጠን የሚያሳይ ነገር የለም፣ ከየትኛው ክፍል እንደሆነ አይታወቅም። ከዚያ ቀን በፊት ፍርስራሽ ፎቶ የማነሳው ስሜት ለመቅዳት ነበር። ስሜቱን አሁንም እቀዳለሁ፤ ግን ሁለተኛ ሆኗል።

አሁን አንድ የፈረሰ ቤት ጋ ስደርስ መጀመሪያ ዙሪያውን ካሜራ ሳላወጣ እዞራለሁ። ከዚያ በወረቀት ላይ ሻካራ ፕላን እሥላለሁ፤ ሰሜን በየት እንደሆነ ምልክት አደርጋለሁ። በሜትር የተከፋፈለ ዘንግ ግድግዳው ሥር አቆማለሁ፤ ዘንግ ካልያዝኩ ሰው እለምናለሁ፣ ቁመቱን ጠይቄ እጽፋለሁ። እያንዳንዱን ገጽ ፊት ለፊት፣ ካሜራውን በውሃ ልክ አድርጌ አነሳለሁ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ጎን እየሄድኩ እደግማለሁ፤ የቀደመው ፎቶ ከግማሽ በላይ በሚቀጥለው ላይ እንዲታይ ነው ይህ፤ ሞዴል መሥራት የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ያን ጊዜ ይጠቅመዋል። ለዝርዝር ሥራ የደመና ቀን እመርጣለሁ፤ ጥላ ጠርዝ ይሰውራልና። ጽሑፍ ወይም ቅርጽ ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው፤ ከጎን የሚመጣ የጠዋት ብርሃን ጥልቀት የሌለውን ፊደል ያነቃዋል።

ማታ፣ ሳልተኛ፣ መግለጫ እጽፋለሁ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የቆምኩበትን፣ የሚታየውን አቅጣጫ፣ ሰዎች ቦታውን ምን ብለው እንደሚጠሩት። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። «ታዕካ» የሚለውን ስም ማንም ባይጽፈው ኖሮ ዛሬ ፎቶው የመሠረት ድንጋይ ፎቶ ብቻ ይሆን ነበር።

የማላደርገውም አለ። ድንጋይ አላነሳም፣ አላስተካክልም፣ ለፎቶ እንዲያምር ሣር አልነቅልም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያገኘ ሰው ማሳወቅ ግዴታው ነው፤ መቆፈርም ያለፈቃድ አይሆንም። ጠባቂ የሌለው ቦታ ላይ የተቀረጸ ነገር ካየሁ ለሚመለከተው ክፍል እነግራለሁ እንጂ ትክክለኛውን ቦታ በይፋ አልለጥፍም። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ከሆነ አለቃውን ወይም ኢማሙን ሳላስፈቅድ ካሜራ አላወጣም። «ለምን ታነሳለህ?» ሲሉኝ ቀደም ሲል «ለራሴ» እል ነበር። አሁን ቅጂውን እንደምሰጣቸው ቃል እገባለሁ፤ አትሜም እወስድላቸዋለሁ።

በሰሜኑ ጦርነት የነጋሽ መስጊድ ሲመታ ያን ሁሉ ጎብኚ ያነሳው ፎቶ ውስጥ ስንቱ ለጥገና የሚሆን ልኬት ይዞ ይሆን ብዬ አስቤያለሁ። ያን ሐሳብ ይዤ ነው ወደ አክሱም የተመለስኩት።

ሽማግሌው ቅጂውን መለሱልኝ። በ1898ቱ ፎቶ ጀርባ የሚታየውን የኮረብታ መስመር ከፊቴ ካለው ጋር እያስተያየሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ቦታ ቀየርኩ። የኮረብታው ጫፍና ከሥሩ ያለው ጉብታ በፎቶው ላይ እንዳሉት ሲገጣጠሙ የካሜራዬን እግር የመንገዱ ዳር ላይ ተከልኩ። ሽማግሌውን አስፈቅጄ በስተግራ እንዲቆሙልኝ ለመንኳቸው። መኪኖች እስኪያልፉ ጠበቅን። ከፊታችን አስፋልት፣ አቧራ ያለበት ሣርና ጥቂት ጥርብ የሚመስል ድንጋይ ነበር። አነሳሁት። በማስታወሻዬ ላይ «ታዕካ ማርያም፣ ወደ ሰሜን የሚያይ፣ ቁመት መለኪያ፦ ሰው፣ 1 ሜትር ከ68» ብዬ ጻፍኩ፤ ሽማግሌውም ትክክል መጻፌን ለማየት ጎንበስ ብለው አነበቡት።